ምዕራፍ 7፦ በአሰባበሩ የሚታመን ገመድ

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል እየሰማን ስላደግን፣ የብረት ገመድ ነገር በተነሳ ቁጥር ቀድሞ አፋችን ላይ የሚመጣው ይህ አባባል ነው። የስንደዶ ያህል ውፍረት ያለው ሽቦ ከብጤዎቹ ጋር ሆኖ ድልድይ ይሸከማል፤ በክሬን ጫፍ ተንጠልጥሎ ሲሚንቶና ፌሮ ወደ ፎቅ ያወጣል፤ የቴሌን ማማ ዙሪያውን ወጥሮ ከነፋስ ያስጥላል፤ ሰውን በሳጥን አድርጎ ከተራራ ወደ ተራራ ያሻግራል። አባባሉ ልክ ነው። ነገር ግን ትልቁን ጥያቄ አይመልስም። መቶ ቀጫጭን ሽቦ ከሚያብር ይልቅ ያንኑ ያህል ብረት አቅልጠን አንድ ወፍራም ዘንግ ብናደርገው ምን ይጎድልብናል? ብረቱ ያው ነው፤ ክብደቱም ያው ነው። እንዲያውም በሽቦና በሽቦ መካከል የሚቀረው ክፍተት ስለማይኖር ዘንጉ ከገመዱ ቀጠን ይላል፤ ለመሥራትም ይቀላል። ታዲያ ሰው ብረትን ቀጭን ሽቦ እስኪሆን እየሳበ፣ መልሶ ደግሞ እየገመደ የሚደክመው ለምንድን ነው?

መልሱ ባለፉት ምዕራፎች ተዘርቷል። በምዕራፍ 2 ብረት ሲሳብና ሲጨመቅ ውስጡ ምን እንደሚሆን አይተናል። በምዕራፍ 4 ደግሞ ስንጥቅ እንዴት እንደሚጓዝ ለማስረዳት የጨርቅ ነጋዴን ምሳሌ ወስደን ነበር። ነጋዴው ጨርቁን ከዳር እስከ ዳር በመቀስ አይቆርጠውም። ጫፉን ጥቂት ይነካውና የቀረውን በእጁ ይሸረክተዋል። ያልተነካ ጨርቅ በእጅ አልቀደድ የሚል ሲሆን፣ የተነካው ግን እስከ መጨረሻው ይሄዳል፤ ምክንያቱም የመሳቡ ኃይል ሁሉ መቀሱ ባቆመባት አንዲት ነጥብ ላይ ይከማቻል። ብረትም እንዲሁ ነው። ያንን ምዕራፍ የዘጋነው ፈጽሞ እንከን የሌለው ብረት እንደማይገኝ ተስማምተን ነው። ከዚህ ከተነሳን መሐንዲሱ ራሱን የሚጠይቀው «ይህ ብረት ይሰነጠቃል ወይ?» ብሎ አይሆንም። «ሲሰነጠቅ ስንጥቁ የት ላይ ይቆማል?» ብሎ ነው። በወፍራም ዘንግ ውስጥ የሚያቆመው ነገር የለም። በገመድ ውስጥ ግን አንዱን ሽቦ የበጠሰ ስንጥቅ ከሽቦው ዳር ሲደርስ መንገዱ ያልቃል፤ ጎረቤቱ ሽቦ ሌላ አካል ነውና አይሻገርበትም። የዚህ ምዕራፍ ክርክር ባጭሩ ይህ ነው፦ የብረት ገመድ የሚታመነው ስለማይሰበር አይደለም፤ ሲሰበር ጥቂት በጥቂት፣ እያስታወቀ ስለሚሰበር ነው። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብረት ከፈትል የተማረው

«ገመድ» የሚለው ቃላችን ራሱ ከ«ገመደ» የመጣ ነው፤ ነገሩ የተጠራው በተሠራበት ቁስ ሳይሆን በአሠራሩ ነው። ምስጢሩም ከአሠራሩ ላይ ስለሆነ፣ ወደ ብረቱ ከመሄዳችን በፊት እንዝርት ላይ ትንሽ እንቆይ። የጥጥ ጭረት ርዝመቱ ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የጋቢ ድር ግን ብዙ ሜትር ይሄዳል። ከድሩ አንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ የሚደርስ አንድም ጭረት የለም ማለት ነው፤ ሆኖም ድሩ አይበተንም። ፈታይዋ እንዝርቷን ስታሾር ጭረቶቹ እርስ በርስ ይጠማዘዛሉ፤ ድሩ ሲሳብ ጥምዙ ይጠብቅና ጭረት ጭረትን ጨምቆ ይይዛል። በተሳበ መጠን መያያዛቸው ይጠነክራል። ድሩን በተቃራኒው አጠማዝዘው ሲፈቱት ግን ያለ አንዳች ትግል ይለያያል። እንግዲህ ድሩን ድር ያደረገው የጭረቶቹ መተሻሸት ነው።

በብረት ገመድም የሚሆነው ይኸው ነው። መጀመሪያ ሽቦዎች ተጠማዝዘው አንድ ጉንጉን ይሆናሉ፤ ከዚያ ጉንጉኖቹ በአንድ እምብርት ዙሪያ ተገምደው ገመዱን ይሰጡናል። በክሬንና በመጎተቻ ሥራ ላይ በጣም ከተለመዱት አንዱ ስድስት ጉንጉን ያለው፣ በእያንዳንዱም 19 ሽቦ የያዘ ነው፤ በድምሩ 114 ሽቦ። ከእነዚህ አንዱ ቢበጠስ በተበጠሰበት ቦታ ላይ ምንም አይሸከምም። ከዚያ ቦታ ጥቂት ጥምዝ ራቅ ሲል ግን ጎረቤቶቹ ጨምቀው ስለያዙት ድርሻውን መልሶ ይረከባል። የተበጠሰው ሽቦ ከገመዱ አልጠፋም፤ እንደ ጥጡ ጭረት አጠር ያለ ሆነ እንጂ። አንድ ሽቦ ዛሬ እዚህ፣ ሌላው ከርሞ ሃያ ሜትር ርቆ ቢበጠስ ሁለቱ ጉዳቶች አይደመሩም። በሰንሰለት ላይ ግን አንድ ቀለበት ከተከፈተ የቀሩት ሺህ ቀለበቶች ጤነኛ መሆን ምንም አይጠቅምም። የእድር ነገርም ይህን ይመስላል፦ አንድ አባል በታመመበት ወር መዋጮው በሌሎቹ ይሸፈናል፤ ሲያገግም ቦታው ላይ ይገኛል። ብዙ አባላት በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ ሲታመሙ ግን እድሩም አይችልም። ይህችን የመጨረሻዋን ነጥብ ወደ ኋላ እንፈልጋታለን።

የመጀመሪያው ለሥራ የዋለ የሽቦ ገመድ የተወለደው ከእንዲህ ዓይነቱ የሰንሰለት ሥጋት ነው። በጀርመን ሃርትስ ተራሮች፣ ክላውስታል በተባለች የማዕድን ከተማ የመንግሥት የማዕድን ሹም የነበረው ቪልሄልም አልበርት፣ ማዕድን ከጉድጓድ የሚያወጡት ሰንሰለቶች ለዓመታት ጤነኛ መስለው ከሠሩ በኋላ በድንገት መበጠሳቸው ያሳስበው ነበር። የቃጫ ዓይነቱ ገመድ ደግሞ በጉድጓዱ እርጥበት ይበሰብሳል። አልበርት 3.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸውን አራት አራት ሽቦዎች አስጠማዝዞ ሦስት ጉንጉን አደረገ፤ ሦስቱን ጉንጉኖች ደግሞ በእጅ አስገመደ። በ1834 ይህ የ12 ሽቦ ገመድ በማዕድን ጉድጓዱ ላይ ሥራ ጀመረ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ የሚኖረው ጀርመን ተወላጁ መሐንዲስ ጆን ሮብሊንግ የራሱን የሽቦ ገመድ መሥራት ያዘ፤ ስሙን በሚቀጥለው ክፍል እንደገና እናነሳዋለን።

መነጣጠል ሌሎች ሁለት ጥቅሞችም አሉት። አንደኛው መታጠፍ ነው። ብረት በመዘውር ላይ ሲታጠፍ የውጭ ጎኑ ይለጠጣል፤ የውስጡ ይጨመቃል፤ መለጠጡም ከውፍረቱ ጋር ይጨምራል። 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው መዘውር ላይ የዞረ 1 ሚሊ ሜትር ሽቦ ዳሩ የሚለጠጠው ከርዝመቱ ሩብ በመቶ ያህል ነው፤ መዘውሩን ሲያልፍም ወደ ነበረበት ይመለሳል። 20 ሚሊ ሜትር የሆነ ዘንግ ግን አምስት በመቶ ገደማ ይለጠጣል፤ ይህን ደግሞ ፌሮ ያጠፈ ሁሉ ያውቀዋል፤ እንደተቆለመመ ይቀራል፤ ጥቂት ጊዜ ከተመላለሰም ይሰበራል። በገመድ ውስጥ ሽቦዎቹ እርስ በርስ ትንሽ ስለሚንሸራተቱ እያንዳንዱ የሚታጠፈው በራሱ ቅጥነት ልክ ነው። ሁለተኛው ጥቅም ከሽቦው አሠራር ይመጣል። ሽቦ የሚሠራው ብረቱን እየጠበቡ በሚሄዱ ቀዳዳዎች ውስጥ በቀዝቃዛው በመሳብ ነው፤ በእያንዳንዱ ስበት የብረቱ ውስጣዊ ቅንጣቶች በርዝመቱ አቅጣጫ ይሰለፋሉ፤ ብረቱም ይጠነክራል። የተለመደ የገመድ ሽቦ በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር 180 ኪሎ ግራም ያህል ይሸከማል፤ ከተራ ፌሮ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ሽቦ ሁለት ጎልማሶችን ያንጠለጥላል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ አንባቢ «ታዲያ ምስጢሩ አሰባበር ሳይሆን ጥንካሬ ነዋ!» ሊለኝ ይችላል። ነገር ግን ጥንካሬ ዋጋ አለው። ብረት በጠነከረ መጠን ስንጥቅን የመታገሥ ዓቅሙ ይቀንሳል፤ ለስላሳ ብረት ስንጥቁ ጫፍ ላይ ተለጥጦ ኃይሉን ሲያበርደው፣ እጅግ ጠንካራው ግን እንደ ሸክላ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ይህን ያህል የጠነከረ ብረት በወፍራም ዘንግ መልክ ለሰው ነፍስ አደራ መስጠት አስፈሪ ነው። የምንጠቀምበት ስለተነጣጠለ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥንካሬው ራሱ ከአሰባበሩ በታች የሚመጣ ጸጋ ነው እላለሁ።

ሁለት ድልድዮች

ይህን ክርክር የሚፈትኑ ሁለት ታሪኮች አሉ፤ ሁለቱም በአሜሪካ የሆኑ ናቸው። የመጀመሪያው በኦሃዮ ወንዝ ላይ በ1928 የተከፈተው ሲልቨር ድልድይ ነው። ድልድዩ መጀመሪያ የታሰበው በሽቦ ኬብል እንዲንጠለጠል ነበር፤ በኋላ ግን ዋጋው ረከስ ያለ ሌላ ዘዴ ተመረጠ። ጫፋቸው ላይ ዓይን ያላቸው ረጃጅም የብረት ዘንጎች ሁለት ሁለት እየሆኑ በወፍራም ካስማ ተያይዘው እንደ ብስክሌት ካቴና ተቀጣጠሉ። ብረቱ በእሳትና በማቀዝቀዝ እጅግ የጠነከረ ነበር። ለ39 ዓመታት ሠራ። በዚያ ጊዜ ሁሉ ከአንዱ ዘንግ ዓይን ውስጥ፣ ካስማው በሸፈነው፣ የሰው ዓይን ሊደርስበት በማይችል ቦታ፣ አንዲት ስንጥቅ በዝገትና በውጥረት እየታገዘች አደገች። በታኅሣሥ 15 ቀን 1967 አመሻሽ፣ መኪና በድልድዩ ላይ በተጨናነቀበት ሰዓት፣ ዘንጉ ተሰበረ። ጥንዱ ብቻውን ሊይዝ አልቻለም፤ ከካስማው ወጣ። በአንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ድልድዩ ሁሉ ወንዙ ውስጥ ነበር፤ 46 ሰዎች ሞቱ። ለዚህ ሁሉ ምክንያት የሆነችው ስንጥቅ ጥልቀቷ 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነበር።

ሁለተኛው የኒውዮርኩ ብሩክሊን ድልድይ ነው፤ ታሪኩ ከአደጋ ሳይሆን ከማጭበርበር ይጀምራል። ንድፉን ያወጣው ጆን ሮብሊንግ በ1869 ሲሞት ሥራውን ልጁ ዋሽንግተን ተረከበ፤ እሱም በበሽታ አልጋ ላይ ሲውል ባለቤቱ ኤሚሊ ሮብሊንግ በእሱና በሠራተኞቹ መካከል ሆና ግንባታውን አስኬደች። አራቱ ታላላቅ ኬብሎች እየተዘረጉ ሳለ በ1878 የሽቦ አቅራቢው ተንኮል ተገለጠ። ተቆጣጣሪዎች ፋብሪካው ውስጥ ፈትነው ያለፈውን ጥቅል ይመዘግባሉ፤ ጥቅሉ ወደ ድልድዩ ሲሄድ መንገድ ላይ በወደቀ ሽቦ ይቀየራል፤ ደጉ ሽቦም ለዳግም ምርመራ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል። ሲነቃ ከ200 ቶን በላይ መጥፎ ሽቦ ኬብሎቹ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ መልሶ ማውጣት ደግሞ አይቻልም። ዋሽንግተን ሮብሊንግ ምን አደረገ? ቁጭ ብሎ አሰላ። ኬብሎቹ የታቀዱት ከሚሸከሙት ስድስት እጥፍ እንዲችሉ ነበር፤ መጥፎው ሽቦ ተቆጥሮም ወደ አምስት እጥፍ ይችላሉ። በእያንዳንዱ ኬብል ላይ 150 ያህል ሽቦ በአቅራቢው ወጪ አስጨመረና ሥራው ቀጠለ። ድልድዩ በግንቦት 24 ቀን 1883 ተከፈተ። በእያንዳንዱ ኬብል ውስጥ ከ5,000 በላይ ሽቦ አለ፤ መጥፎው ሽቦም እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

ሁለቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው የምንማረው ስሌት ብቻ አይደለም። በሲልቨር ድልድይ አንዲት የማትታይ እንከን ሁሉን አጠፋች፤ በብሩክሊን ከ200 ቶን የሚበልጥ እንከን ታውቆ፣ ተቆጥሮ፣ በሌሎች ተሸፈነ። «ካቴናውም ሁለት ዘንግ በመሆን ፈንታ ስድስት ወይም ስምንት ቢኖረው ይድን አልነበረም?» የሚል መቃወሚያ ይነሳል፤ እውነትም ነው፤ ብዙ ዘንግ ያላቸው የቆዩ ካቴና ድልድዮች በደኅና ኖረዋል። ነገር ግን ይህ መቃወሚያ ክርክሬን ያጸናዋል እንጂ አያፈርሰውም። ዘንጉን ከሁለት ወደ ስምንት፣ ከስምንት ወደ መቶ ስናበዛው የምንሄደው ወደ ሽቦ ነውና። የሳን ፍራንሲስኮው ጎልደን ጌት ድልድይ በ1937 ሲከፈት በእያንዳንዱ ዋና ኬብል 27,572 ሽቦ ነበረው፤ በዚያ ውስጥ የአንድ ሽቦ መበጠስ ከቁጥር አይገባም።

የሚያዳምጡት ኬብል

ከቁጥር አይገባም ማለት ግን አይሰማም ማለት አይደለም። በስኮትላንድ ኤዲንብራ አጠገብ በ1964 የተከፈተው ፎርዝ የመኪና ድልድይ በእያንዳንዱ ዋና ኬብል 11,618 ሽቦ አለው፤ የእያንዳንዱ ውፍረት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ድልድዩ 40 ዓመት ሲሞላው መሐንዲሶች ኬብሉን ከፍተው ለማየት ወሰኑ። አከፋፈቱ የሚያስገርም ነው፦ በላዩ የተጠመጠመውን መሸፈኛ ሽቦ ይፈቱና፣ በሽቦዎቹ መካከል የእንጨት ሽብልቅ እየመቱ እስከ እምብርቱ ድረስ ይፈለቅቁታል፤ መንገዱ ግን ሥራውን አያቆምም። ውስጡ ዝገትና የተበጠሱ ሽቦዎች ተገኙ። ሲሰላ ኬብሉ ከጥንካሬው ከ8 እስከ 10 በመቶ ያህል አጥቶ ነበር፤ እንዲህ ከቀጠለም ከዓመታት በኋላ ከባድ የጭነት መኪኖችን ማገድ ግድ ይሆናል።

ያደረጉት ነገር የገመድን ጠባይ የተረዳ ሰው የሚያደርገው ነው። በኬብሎቹ ርዝመት ላይ ድምፅ የሚቀበሉ መሣሪያዎች ተከሉ። ጥብቅ ሽቦ ሲበጠስ እንደ ክራር ጅማት ይጮኻል፤ ድምፁ በብረቱ ውስጥ ተጉዞ በተለያዩ መሣሪያዎች ላይ በተለያየ ቅጽበት ሲደርስ የት ቦታ እንደተበጠሰ ይታወቃል። ቀጥሎ ኬብሉን አየር በማያስወጣ መጠቅለያ ሸፈኑና ደረቅ አየር በሽቦዎቹ መካከል ያነፍሱበት ጀመር። ዝገት ያለ እርጥበት አይሠራምና። ከጎኑም ሌላ ድልድይ ተሠርቶ በ2017 ተከፈተ። ይህን ሁሉ ለማሰብ፣ ለመከራከር፣ ገንዘብ ለመፈለግና ለመሥራት ከአሥር ዓመት በላይ ጊዜ ተገኝቷል። በሲልቨር ድልድይ ላይ የነበሩት ሰዎች አንድ ደቂቃ ነበራቸው። አንድ ኬብል ለሰው የሚሰጠው ትልቁ ነገር ይህ ጊዜ ይመስለኛል።

ታዲያ ኬብል የሚወድቀው ለምንድን ነው?

በጣም ከባዱ መቃወሚያ ይህ ነው፦ ኬብል ይህን ያህል አስተዋይ ከሆነ በኬብል የተያዙ ነገሮች ለምን በድንገት ይወድቃሉ? በጣሊያን ጄኖዋ ከተማ የነበረው የሞራንዲ ድልድይ ነሐሴ 14 ቀን 2018 ወድቆ 43 ሰዎች ሞተዋል። በፖርቶ ሪኮ የአሬሲቦ ግዙፍ የራዲዮ ቴሌስኮፕ ከላዩ የተንጠለጠለው 900 ቶን የሚሆን መድረክ በታኅሣሥ 1 ቀን 2020 ተበጥሶ ሳህኑን ሰብሮታል። በግንቦት 23 ቀን 2021 ደግሞ በሰሜን ጣሊያን ሞታሮኔ ተራራ ላይ የኬብል መኪና ጎታች ገመድ ተበጥሶ 14 ሰዎች አልቀዋል። እነዚህን ማለፍ አይገባም።

አስቀድሞ አንድ ድክመት ማመን አለብን። ብረትን መነጣጠል ስንጥቅን ያቆማል፤ ለዝገት ግን በር ይከፍታል። አንድን ዘንግ በ100 እኩል ሽቦ ብንከፍለው ለአየርና ለውሃ የተጋለጠው ገጽ 10 እጥፍ ይሆናል። በደጅ፣ በዝናብና በጭጋግ ለሚኖር ገመድ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሽቦው በዚንክ የሚለበጠው፣ ገመዱ ግራሶ የሚቀባው፣ በመካከሉ ያለው የቃጫ እምብርትም ዘይት ጠጥቶ እንደ ኩራዝ ክር ጥቂት በጥቂት እንዲመግበው የሚደረገው ለዚህ ነው። ዝገት ደግሞ ከስንጥቅ የሚለየው ብዙ ሽቦዎችን በአንድ ቦታ፣ በአንድ ወቅት ስለሚያጠቃ ነው። አባላቱ በአንድ ቀን የታመሙበት እድር ያልነው ይህንን ነው።

አሁን ወደ ሦስቱ አደጋዎች እንመለስ። የሞራንዲ ድልድይ ኬብሎች እንደ ሌሎቹ በአየር ላይ የተዘረጉ አልነበሩም። ከዝገት ይጠብቃቸዋል ተብሎ በኮንክሪት ውስጥ ተቀብረው ነበር። ኮንክሪቱ ግን እርጥበትን ሙሉ በሙሉ አልከለከለም፤ የከለከለው የሰውን ዓይን ነው። ሽቦዎቹ ሲበጠሱ የሚያይ፣ የሚቆጥር፣ የሚያዳምጥ አልነበረም። በአሬሲቦ የሆነው ሌላ ነው። የወፍራም ገመድ ጫፍ ከሌላ አካል ጋር የሚያያዘው ሽቦዎቹን እንደ መጥረጊያ በትኖ በብረት ቀፎ ውስጥ በመክተትና የቀለጠ ዚንክ በማፍሰስ ነው። እዚያ ውስጥ ሽቦዎቹ እርስ በርስ መንሸራተት አይችሉም፤ ሁሉም በአንድ የዚንክ ቋጠሮ ላይ ተስፋ ጥለዋል። ዚንክ ለረጅም ዘመን ሲወጠር እጅግ በዝግታ እንደሚፈስ ሰም ይሆናል። በነሐሴ 2020 አንደኛው ኬብል ከቀፎው ሾልኮ ወጣ፤ በኅዳር ሌላ ዋና ኬብል ተበጠሰ፤ በታኅሣሥ ሁሉም ወረደ። የሞታሮኔው ገመድም የተበጠሰው በሆዱ ሳይሆን ከሳጥኑ ጋር በተያያዘበት ጫፍ አጠገብ ነው፤ ሊያድን የሚችለው የአደጋ ጊዜ ፍሬን ደግሞ አስቀድሞ እንዳይሠራ ተደርጎ ነበር።

እንግዲህ ሦስቱም የወደቁት ገመድ ገመድነቱን ባጣበት ቦታ ነው፦ በተቀበረበት ወይም ጫፉ ላይ አንድ ቋጠሮ በሆነበት። ይህን ስል አደጋዎቹን ለማቅለል አይደለም፤ በሁለቱ ሕይወት ጠፍቷልና። ነገር ግን ስለ አሬሲቦ አንድ ነገር መባል አለበት፦ ማንም አልሞተም። ኬብሎቹ ከቀፎዎቻቸው እየሾለኩ መሆናቸው ከመውደቁ በፊት ተመዝግቦ ነበር፤ መጀመሪያ አንዱ፣ ከወራት በኋላ ሌላው በመሄዱም ሰዎቹ ከሥሩ ለመራቅ ጊዜ አግኝተዋል። ገመዱ ታሞም ቢሆን ተናግሯል። ምልክቱን በጊዜ ተርጉሞ ማዳን ያልተቻለው በሰው በኩል ነው።

በደጅ ያለን ገመድ ማንበብ

በዓባይ ላይ፣ ጎንደርና ጎጃምን የሚያገናኘው ሰባራ ድልድይ ከፋሲል ዘመን ጀምሮ የኖረ የድንጋይ ሥራ ነው። በጣሊያን ጦርነት ዘመን መካከሉ ከተሰበረ በኋላ መንገደኛ የሚሻገረው ከወዲህና ከወዲያ ሰዎች ገመድ እየሳቡለት ነበር። ይህን የሚያሳይ ፎቶግራፍ በአንድ የአሜሪካ መጽሔት ላይ ወጥቶ ያየው ሰው ድልድይ የሚሠራ በጎ አድራጎት ድርጅት መሠረተ። በ2002 ክፍተቱ በብረት ተሸፈነ፤ ያንን ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 ግን ከጎርፉ በላይ የተንጠለጠለ የብረት ገመድ የእግር ድልድይ ተዘረጋ። እንዲህ ያሉ ተንጠልጣይ ድልድዮች ዛሬ በሌሎች የአገራችን ሸለቆዎችም አሉ። ላቦራቶሪም መሐንዲስም በየቀኑ አይደርስላቸውም። ስለዚህ በአቅራቢያቸው የሚኖር ሰው ገመድ ማንበብ ቢችል ትልቅ ነገር ነው፤ ንባቡም ከላይ ካየነው ሐሳብ በቀጥታ ይወጣል።

የተበጠሰ ሽቦ ጫፉ እንደ እሾህ ይወጣል፤ ባዶ እጅን ይቆርጣል፤ ጨርቅ ይዞ በገመዱ ላይ ቢጎትቱት ግን ጨርቁ የሚያዝበትን ቦታ ይናገራል። የሚቆጠረው በገመዱ ሁሉ ላይ የተበጠሰው ድምር አይደለም። ባለሙያዎች የገመዱን ውፍረት ስድስት እጥፍ በምታህል አጭር ርዝመት ውስጥ ስንት እንደተበጠሰ ይቆጥራሉ፤ 16 ሚሊ ሜትር ለሆነ ገመድ ይህች ርዝመት አንድ ስንዝር አትሞላም። ለምን እንደሆነ አሁን ግልጽ ነው። ተበታትነው የተበጠሱ አሥር ሽቦዎች በመተሻሸት ኃይል ድርሻቸውን መልሰው ይረከባሉ፤ በአንድ ስንዝር ውስጥ የተከማቹ አሥር ግን መልሰው የሚረከቡበት ቦታ የላቸውም። ውፍረቱም ይለካል፤ ከጉንጉን ጀርባ እስከ ጉንጉን ጀርባ፣ ሰፊው ላይ። ከቀድሞው የቀጠነ ገመድ ወይ ውስጡ ዝጓል፣ ወይ እምብርቱ አልቋል። ገመዱን በቀለም ወይም በሬንጅ ደፍኖ ማሳመር የሞራንዲን ስህተት በትንሹ መድገም ነው፤ ዓይንን ይከለክላል። ጫፉን በብየዳ ማያያዝም እንዲሁ አይገባም። በቀዝቃዛ ስበት የተገኘው ጥንካሬ በሙቀት ይፈታል፤ ብየዳው የነካው ሽቦ ከፌሮ የማይሻል ሆኖ ይቀራል።

ከሁሉ በላይ ግን ዓይን መሄድ ያለበት ጫፉ ላይ ነው። በእግር ድልድዮችና በማማ ወጣሪዎች ላይ ገመዱ ታጥፎ የሚታሰረው በዩ ቅርፅ ቡሎንና በሁለት ዳዶ ነው። ቡሎኑ ገመዱን ነክሶ ስለሚጨፈልቅ መቀመጥ ያለበት ሸክም በሌለበት አጭር ጅራት በኩል ነው፤ ሰፊው የብረት ወንበር ደግሞ ሸክሙን በያዘው በኩል። ተገልብጦ ከታሰረ ድልድዩን የሚሸከመው ሽቦ እየተጨፈለቀ ነው። ደግሞ ገመድ መጀመሪያ ሲወጠር ስለሚቀጥን፣ ትናንት የጠበቀው ዳዶ ዛሬ የላላ ይሆናል፤ ሸክም ከተጫነበት በኋላ እንደገና ማጥበቅ ያስፈልጋል።

ጫፉም ሲነጣጠል

የጫፍ ችግር ግን በጥንቃቄ ብቻ የሚፈታ አይደለም። አንድ ሺህ ሽቦ ተነጣጥሎ መጥቶ በመጨረሻው አንድ ክንድ ላይ አንድ ቋጠሮ ከሆነ፣ የገመዱ ጥበብ በደጃፉ ላይ ተጥሎ ቀርቷል። የዛሬ መሐንዲሶች መልስ የገመድን ሐሳብ እስከ ጫፉ ድረስ መውሰድ ነው። በኬብል በተወጠሩ አዳዲስ ድልድዮች ላይ አንዱ ወፍራም የሚመስለው ኬብል በውስጡ ብዙ ቀጫጭን ጉንጉኖች አሉት፤ እያንዳንዱ ጉንጉን ሰባት ሽቦ ነው፤ አንዱ ቀጥ ብሎ፣ ስድስቱ ዙሪያውን ተጠምጥመው። ጉንጉኖቹ ጫፍ ላይ አይቀላቀሉም። እያንዳንዱ በወፍራሙ የብረት ሰሌዳ ላይ የራሱ ቀዳዳ፣ በቀዳዳው ውስጥም የራሱ ሽብልቅ አለው፤ በተሳበ ቁጥር ሽብልቁ ይጠብቅበታል፤ ልክ እንደ ፈትሉ። በፎርዝ ከአሮጌው ድልድይ ጎን የተሠራው የኩዊንስፌሪ ድልድይ በዚህ መንገድ የተወጠረ ነው። አንዱ ጉንጉን ሲያረጅ ሌሎቹ ሸክሙን እንደያዙ እሱ ብቻ ተፈትቶ ይወጣል፤ በቦታው አዲስ ይገባል፤ ከታች መኪናው መንገዱን አያቋርጥም።